የወርዋሪ ክንድ ስለ ምን ይጎዳል?

ቤዝቦል የሚባለው ጨዋታ በአገራችን እንደ እግር ኳስ የታወቀ አይደለም። ይሁን እንጂ በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ በኩባና በዶሚኒካን ሪፑብሊክ ሕዝብ ዘንድ ያለው ክብር እኛ ለእግር ኳስ ከምንሰጠው የሚያንስ አይደለም። ስለዚህ ጨዋታ በዚህ መጽሔት ለመጻፍ የተነሣነው ሕጉን ለማስተማር ብለን ሳይሆን፣ የሰው ክንድ በውርወራ ምክንያት እንዴት እንደሚጎዳ ከቤዝቦል የበለጠ የተጠናበት ስፖርት ስለሌለ ነው። በሜዳችን ላይ ጦር የሚወረውር፣ የእጅ ኳስ የሚጫወት ወይም በመረብ ኳስ የሚቀልብ ተማሪ ሁሉ የሚሠራበት ትከሻና ክርን ከአሜሪካዊው ክንድ የተለየ አይደለምና፣ እነርሱ በብዙ ጉዳት የተማሩትን እኛ ያለ ጉዳት ብንማረው መልካም ይሆናል።

ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር እናስታውቅ። ከዚህ በታች የሚነበቡት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ደግሞም «ወርዋሪ» ስንል በቤዝቦል ቋንቋ ፒቸር የሚባለውን ተጫዋች ማለታችን ነው። ይህ ሰው ከአንድ ዝቅተኛ ጉብታ ላይ ይቆምና 18 ሜትር ከ44 ሳንቲ ሜትር ርቆ ዱላ ይዞ ወደሚጠብቀው መቺ ኳስ ይወረውራል። ኳሷ የምትመዝነው 145 ግራም ያህል ነው። ጎበዝ ወርዋሪ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር በሚሆን ፍጥነት ሲለቃት መቺው ዘንድ ለመድረስ ግማሽ ሴኮንድ እንኳ አይፈጅባትም። ወርዋሪው በአንድ ጨዋታ ይህን መቶ ጊዜ ያህል ሊደጋግመው ይችላል።

አሁን የአንድ ሰው ታሪክ እንንገር። ዲዚ ዲን የተባለው የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስ ወርዋሪ በ1934 በአንድ የውድድር ዘመን 30 ጨዋታ አሸነፈ። በታላቁ የአሜሪካ ሊግ ከእርሱ በኋላ እስከ 1968 ድረስ እዚህ ቁጥር የደረሰ አልተገኘም። በ1937 በሐምሌ ወር ዋሽንግተን ላይ በተደረገው የምርጥ ተጫዋቾች ግጥሚያ፣ ኤርል አቬሪል የመታት ኳስ በቀጥታ መጥታ የዲንን የግራ እግር አውራ ጣት ሰበረችው። ዲን ጣቱ በሚገባ ሳይድን ወደ ሜዳ ተመለሰ። የሚወረውረው በቀኝ እጁ ስለ ነበረ፣ ወደ ፊት ተራምዶ የሰውነቱን ሸክም የሚያሳርፍበት እግር ግራው ነው። ሕመሙን ለመሸሽ ሲል አረጋገጡን ለወጠ፤ አረጋገጡ ሲለወጥ አወራወሩም አብሮ ተለወጠ፤ ብዙም ሳይቆይ ክንዱ ታመመ። እስከ 1937 መጨረሻ ድረስ 134 ጨዋታ ያሸነፈው ሰው ከዚያ በኋላ በቀረው የጨዋታ ዘመኑ ሁሉ ያሸነፈው 16 ብቻ ነው። ጣቱ በተሰበረ ጊዜ ዕድሜው ገና 27 ዓመት ነበር።

የእግር ጣት ቢሰበር ክንድ ስለ ምን ይጠፋል? የዚህ ጽሑፍ ጕዳይ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ውስጥ አለ።

ብዙ ሰው ውርወራ የክንድ ሥራ ይመስለዋል። በቡሄ ሰሞን ጅራፍ የሚያጮኽ ልጅ ግን ነገሩን ከእኛ ይልቅ ያውቀዋል። የጅራፉ ወፍራም ክፍል የሚንቀሳቀሰው በዝግታ ነው፤ ወፍራሙ ለቀጭኑ፣ ቀጭኑም ለጫፉ ፍጥነቱን እያቀበለ ሄዶ መጨረሻ ላይ ጫፉ ከድምፅ የፈጠነ ይሆናል፤ የሚጮኸውም ስለዚህ ነው። የወርዋሪም ሰውነት እንደዚሁ ነው። የኋላ እግር መሬቱን ይገፋል፤ የፊት እግር ያርፍና ይጸናል፤ ከዚያ ዳሌ ይዞራል፤ ዳሌው ሲገታ ደረት ይዞራል፤ ደረቱ ሲገታ ትከሻ፣ ቀጥሎ ክርን፣ ቀጥሎ የእጅ አንጓ፣ በመጨረሻም ጣቶች ተራቸውን ይቀበላሉ። እያንዳንዱ አካል ከበታቹ ካለው ተቀብሎ፣ በራሱ ጨምሮ፣ ከበላዩ ላለው ያቀብላል። ቅብብሉ ከተቋረጠ ወይም አንዱ ተራውን ሳይጠብቅ ከቸኮለ የጎደለውን ለመሙላት የሚገደደው የመጨረሻው አካል ነው፤ እርሱም ክንድ ነው።

ይህ በግምት የተነገረ አይደለም። ኪብለር የተባሉ አሜሪካዊ ሐኪም በቴኒስ ላይ ባደረጉት ስሌት፣ ኳስ ማስጀመሪያው ምት ላይ ከሚሠራው የእንቅስቃሴ ጕልበት ከመቶ 51 እጅ የሚመጣው ከእግር፣ ከዳሌና ከወገብ በላይ ካለው የሰውነት ግንድ ነው። ከዚህ ከታችኛው ክፍል የሚመጣው ከመቶ 20 እጅ ቢጎድል፣ ትከሻ ያንኑ ያህል ኀይል ለኳሱ ለመስጠት ከመቶ 34 እጅ ፈጥኖ መዞር ይኖርበታል። ልብ በሉ፤ የጎደለው 20፣ የሚከፈለው 34 ነው። አራጣ ይሉታል ነጋዴዎች።

ክንዱ ይህን አራጣ ለመክፈል የሚያስችል ትርፍ አቅም የለውም። በአላባማ ክፍለ ሀገር በበርሚንግሃም ከተማ ለዚህ ጥናት የተቋቋመ የምርምር ቤት አለ። በዚያ የሚሠሩት ዶክተር ግሌን ፍላይሲግና ባልደረቦቻቸው በ1995 ባወጡት ጥናት ወርዋሪዎቹን በፈጣን ካሜራዎች ቀርጸው ለክተዋል። ኳሷ ልትለቀቅ ስትል የላይኛው ክንድ በትከሻው ውስጥ የሚዞርበት ፍጥነት በሴኮንድ ወደ 7000 ዲግሪ ይደርሳል፤ በዚያው ፍጥነት ቢቀጥል ኖሮ በአንድ ሴኮንድ ከ19 ጊዜ በላይ ሙሉ ዙር ይዞር ነበር ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ ክንዱ ወደ ኋላ እስከ መጨረሻው በተቀለበሰበት ቅጽበት፣ ክርንን ወደ ውጭ ሊፈለቅቅ የሚሞክረውን ኀይል ለመመከት 64 ኒውተን ሜትር ያህል ያስፈልጋል። በተራ አነጋገር፣ ክርኑ ታጥፎ በጎን በተዘረጋ እጅ መዳፍ ላይ 20 ኪሎ የሚጠጋ ሸክም ከማንጠልጠል ጋር የሚመጣጠን ነው።

ይህን ፈልቃቂ ኀይል በዋናነት የሚይዘው በክርን ውስጠኛው በኩል ያለው፣ የላይኛውን የክንድ ዐጥንት ከታችኛው ጋር የሚያያይዝ አጭር ጅማት ነው። ከሬሳ በተወሰደ ክንድ ላይ ሲፈተን ይህ ጅማት የሚበጠሰው በ32 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው። እንግዲህ ሸክሙን ብቻውን ቢሸከመው ኖሮ ገና በመጀመሪያው ውርወራ በተበጠሰ ነበር። የማይበጠሰው የክንድ ጡንቻዎች ተጨብጠው ስለሚያግዙት ነው። ጡንቻ ደግሞ ይደክማል። ሲደክም እገዛውን ይቀንሳል፣ ጅማቱም ድርሻው ያልሆነውን ይቀበላል። ይህን ነጥብ አንባቢ እንዲይዝልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለን።

መልካም አወራወር ማለት እንግዲህ ክንድን ከማያገባው ሸክም ማዳን ነው። በምን ይታወቃል ቢባል፣ የወርዋሪው የፊት እግር መሬት በምትነካበት ቅጽበት ሰውነቱ ያለበትን አኳኋን ማየት ይበቃል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ በዐይን ለመከታተል የማይቻል ፈጣን ስለሆነ፣ አሠልጣኝ ቢጮኽበትም የሚስተካከል ነገር የለም።

በመጀመሪያ እግሪቱን እንመልከት። ርምጃው ረጅም ነው፤ ጥሩ ወርዋሪ ከቁመቱ ከመቶ 80 እጅ ወይም ከዚያ ጥቂት አልፎ ይራመዳል። የእግሩ ጣቶች ወደ ዒላማው ሊያመለክቱ ይገባል። በቀኝ የሚወረውር ሰው የግራ እግሩን ወደ ቀኝ አሻግሮ ቢያሳርፍ ዳሌው መንገዱ ይዘጋበትና ክንዱ በደረቱ ላይ ተሻግሮ ለመወርወር ይገደዳል። ወደ ግራ አብዝቶ ቢከፍት ደግሞ ዳሌው ጊዜው ሳይደርስ ይዞርና ጕልበቱ ክንዱ ሳይዘጋጅ ይባክናል። ያረፈውም እግር ጕልበቱ ጸንቶ መቆም አለበት፤ ካረፈ በኋላ እየታጠፈ የሚሄድ ጕልበት ዳሌን ሊገታ አይችልም። ዲዚ ዲንን ያሰናከለው ይኸው ነው፤ ጣቱ የሚያመው ሰው በዚያ እግር ላይ መጽናት አይችልም።

ሁለተኛው፣ እንደ እኛ አስተያየት ከሁሉም የከፋው፣ የደረት መቸኮል ነው። እግሪቱ በምታርፍበት ጊዜ ዳሌ መዞር ሲጀምር ደረቱ ገና ወደ ጎን መመልከት አለበት። ይህ በዳሌና በደረት መካከል የሚፈጠረው ጥምዘዛ እንደ ተለጠጠ ላስቲክ ጕልበት ይቋጥራል። ደረቱ ከእግሪቱ ቀድሞ ወደ መቺው የዞረ ወርዋሪ ግን የቋጠረው ነገር ስለሌለ፣ ከኋላ የቀረውን ክንድ በትከሻው ብቻ ጎትቶ ለማድረስ ይታገላል። በ2009 አጊናልዶና ቻምበርስ የተባሉ ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት፣ ደረታቸውን ዘግየት አድርገው ያዞሩ ወርዋሪዎች ክርናቸው ላይ ያረፈው ኀይል ቀደም ብለው ካዞሩት ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። ወጣት ተጫዋች «ኀይል ጨምር» ሲባል በመጀመሪያ የሚያበላሸው ይህንን ነው፤ ደረቱን ያስቸኩላል።

ሦስተኛው ክንዱ ራሱ ነው። እግሪቱ ስታርፍ ክርኑ በሁለቱ ትከሻዎች መሥመር ልክ ከፍ ብሎ፣ ወደ 90 ዲግሪ ታጥፎ፣ እጁም ወደ ላይ ተነሥቶ መገኘት አለበት። እጁ ገና ከታች ከሆነ ዘግይቷልና ደረቱ በሚዞርበት ጊዜ ያለ ቅጥ ወደ ኋላ ይገነጠላል። በዚያው በ2009 ዴቪስና ባልደረቦቻቸው ሕፃናትና ወጣት ወርዋሪዎችን መርምረው እንዲህ ያሉትን አምስት ምልክቶች ቈጥረው ነበር፤ ይኸውም በዳሌ መምራት፣ ኳሷን በሚያወጡበት ጊዜ እጅን ከላይ ማድረግ፣ ክንድን በጊዜው ማዘጋጀት፣ ትከሻን አለማስቸኰል፣ እግርን ወደ ዒላማ ማሳረፍ ናቸው። ከነዚህ ብዙዎቹን የሚያሟሉት በክርናቸው ላይ የሚያርፈው ሸክም አነስተኛ፣ ውርወራቸውም ለሸክሙ የተሻለ ፍጥነት የሚሰጥ ነበር። እንግዲህ ደኅንነትና ፍጥነት ተጻራሪዎች አይደሉም።

ኳሷ ከእጅ ከወጣች በኋላስ? ብዙ ሰው ሥራው አለቀ ይላል። ነገር ግን ያ ሁሉ ፍጥነት መቆም አለበት፤ የሚያቆሙትም ከትከሻ በስተኋላ ያሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ናቸው። በዚህ ጊዜ ክንድን ከትከሻ ነቅሎ ሊያወጣ የሚጎትተው ኀይል ከሰውየው የራሱ ክብደት ጋር የሚመጣጠን ነው። ስለዚህ ወርዋሪው ወገቡን አጐንብሶ ክንዱ ከፊት እግሩ በውጭ በኩል እስኪወርድ ድረስ ረጅም መንገድ ሊሰጠው ይገባል። የሚሮጥ መኪና በረጅም መንገድ ሲቆምና በድንገት ሲገታ ፍሬኑ ላይ የሚደርሰው አንድ አይደለም።

ጅማቱ አንድ ጊዜ ከተበጠሰ ወዲያ በዱሮ ጊዜ የወርዋሪው ነገር ያለቀለት ነበር። ይህ የተለወጠው በ1974 ነው። የሎስ አንጀለስ ዶጀርስ ወርዋሪ ቶሚ ጆን የግራ ክርኑ ጅማት በተበጠሰ ጊዜ ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቀኝ እጁ አንጓ አንድ ቀጭን ጅማት ወስደው በክርኑ ዐጥንቶች ቀዳዳ አበጅተው አሰሩት። ወደ ጨዋታ የመመለስ ተስፋው ከመቶ አንድ መሆኑን ነግረውት ነበር። (የተወሰደውን ጅማት አንባቢ በራሱ ላይ ሊያየው ይችላል፤ አውራ ጣትንና ትንሿን ጣት አገናኝቶ አንጓን ወደ ውስጥ ሲያጥፉ መካከል ላይ ብድግ የሚለው ነው። አንዳንድ ሰው ጨርሶ የለውም፤ ባለመኖሩም ምንም አይጎድልበትም።) ቶሚ ጆን በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ተጫወተ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት 124፣ በኋላ 164 ጨዋታ አሸንፏል።

ይህ ትልቅ የሕክምና ድል ነው፤ ዳሩ ግን መጥፎ ልጅ ወልዷል። ቀዶ ሕክምናው ክንድን ከቀድሞው የበለጠ ያጠነክራል ብለው የሚያምኑ ወላጆችና አሠልጣኞች በአሜሪካ ተነሥተዋል። ሐሰት ነው። ቢቀና አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ የሚፈጅ ልምምድ ያስፈልገዋል፤ የማይመለሱም አሉ። ሕፃናት ላይ ደግሞ ጉዳቱ ከጅማት ቀድሞ ዐጥንትን ያገኛል። በልጅ ክርን ውስጠኛው በኩል ያለው የዐጥንት ጫፍ ገና ያልጠና፣ በማደግ ላይ ያለ ለስላሳ ክፍል ስላለው የሚጎትተው ጡንቻ ሊገነጥለው ይችላል። ብሮግደንና ክሮው የተባሉ ሐኪሞች ይህን በራጅ አይተው በ1960 የጻፉ ሲሆን፣ በሽታውን የሰየሙት በልጆቹ ሊግ ስም ነው።

እስካሁን የተናገርነውን ሰምቶ «አወራወሩን ያሳመረ ሰው አይጎዳም» የሚል ቢኖር እንቃወመዋለን። የቺካጎ ካብስ ወርዋሪ የነበረው ማርክ ፕራየር በ2003 18 ጨዋታ ሲያሸንፍ፣ አወራወሩ ለሌሎች ምሳሌ የሚሆን ነው ተብሎ በብዙ ሰዎች ተመስግኖ ነበር። ከ2006 በኋላ ጉዳት ላይ ጉዳት ተደራርቦበት በታላቁ ሊግ ዳግመኛ አልወረወረም። ስለ ጡንቻ ድካም ያልነው ወደዚህ ይመልሰናል። ወርዋሪ ሲደክም ክርኑ ዝቅ ይላል፣ ወገቡ ማጐንበሱን ይተዋል፣ ጕልበቱ ይላላል፤ በጠዋት የነበረው መልካም አወራወር በከሰዓት የለም። በ2006 በታተመ ጥናት፣ እየደከማቸው ዘወትር ይወረውሩ የነበሩ ወጣቶች ለቀዶ ሕክምና የመድረሳቸው ዕድል ካልተጎዱት ጋር ሲመዛዘን 36 እጥፍ ሆኖ ተገኝቷል፤ በዓመት ከ8 ወር በላይ የሚወረውሩት ደግሞ 5 እጥፍ። ልዩ ልዩ የኳስ አጣጣል፣ በተለይ ጠማማው ኳስ፣ ዋናው ጥፋተኛ ነው ሲባል ኖሯል፤ በምርምር ቤት ሲለካ ግን ቀጥተኛው ፈጣን ኳስ በክርን ላይ የሚያሳርፈው ሸክም ከጠማማው አያንስም።

ስለዚህ የአሜሪካ የልጆች ሊግ በ2007 የውርወራን ቍጥር መወሰን ጀመረ። በ2014 የታላቁ ሊግ አስተዳደርና ሐኪሞች ባወጡት መመሪያ የ17 እና የ18 ዓመት ወጣት በአንድ ቀን ከ105 በላይ እንዳይወረውር፣ ከ80 ያለፈም ቢያንስ 4 ቀን እንዲያርፍ ተመክሯል፤ የ9 እና የ10 ዓመት ልጅ ወሰን 75 ነው። ይሁንና የዐዋቂዎቹ ጉዳት አልቀነሰም። ያው ሊግ በ2024 መጨረሻ ባወጣው ዘገባ ከዋነኞቹ ምክንያቶች አንዱ ፍጥነትን ማሳደድ መሆኑን ገልጿል፤ የፈጣኑ ኳስ አማካይ ፍጥነት በ2008 በሰዓት 147 ኪሎ ሜትር ያህል የነበረው በ2024 ወደ 152 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሏል። ጡንቻ በልምምድ ይዳብራል፤ ጅማት ግን በዚያው ልክ አይጠነክርም።

በጃፓን ነገሩ ከክብር ጋር የተያያዘ ስለሆነ ይበልጥ ይከብዳል። በኮሺየን ሜዳ የሚደረገው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ውድድር አገሩን ሁሉ ያስቆማል። በ1998 ዳይሱኬ ማትሱዛካ የተባለው ተማሪ ባንድ ቀን 17 ዙር በፈጀ ጨዋታ 250 ጊዜ ወረወረ፤ በማግሥቱም ለአንድ ዙር ወደ ጉብታው ወጣ፤ በፍጻሜው ጨዋታ ተጋጣሚዎቹን አንድ ትክክለኛ ምት ሳያስመታ አሸነፈ። ሕዝቡ እስከ ዛሬ ያነሣዋል። ያ ክንድ በ2011 በአሜሪካ ያንኑ የቶሚ ጆንን ቀዶ ሕክምና አደረገ። የ1998ቱ ቀን ብቻውን ነው ያመጣው ለማለት አይቻልም፤ ነገር ግን አንድን የ17 ዓመት ልጅ 250 ጊዜ ሲወረውር ቆሞ ማጨብጨብ ለልጁ ክብር መስጠት ነው ለማለት እኛ ይቸግረናል። በ2020 የጃፓን ተማሪዎች ፌዴሬሽን በአንድ ሳምንት ከ500 ውርወራ እንዳይታለፍ ደነገገ። ዘግይቷል፤ ቍጥሩም ገና ብዙ ነው፤ ቢሆንም ተጀምሯል።

ወደ እኛ ሜዳ ስንመለስ፣ የዚህ የክርን ጅማት ጉዳት በሐኪሞች ጽሑፍ በመጀመሪያ የተገለጸው በቤዝቦል ተጫዋቾች ሳይሆን በጦር ወርዋሪዎች ላይ መሆኑን ማወቅ ይጠቅማል፤ ዋሪስ የተባሉ ሐኪም በ1946 ስለ ፊንላንድ ወርዋሪዎች ጽፈዋል። የወንዶች ጦር 800 ግራም፣ የሴቶች 600 ግራም ስለሆነ ከኳሷ ይከብዳል። ስለዚህ ጦር የሚለማመዱ ጓደኞቻችን በየቀኑ ሙሉ ኀይላቸውን አውጥተው የወረወሩትን ይቍጠሩ፤ ወረቀት ላይ የሚጽፍ አንድ ሰው ይመድቡ። ሰውነት ሳይሞቅ፣ በተለይ በማለዳው ብርድ፣ በኀይል መወርወር አይገባም። በእጅ ስልክ አንዱ ከጎን፣ ሌላው ከኋላ ቆሞ ቢቀርጽና የፊት እግር ባረፈበት ቅጽበት ምስሉን አቁመው ቢመለከቱ ደረቱ ቸኵሎ እንደሆነ፣ ክርኑ ወርዶ እንደሆነ በዐይናቸው ያዩታል። እርማቱ ግን በዝግታ፣ በግማሽ ኀይል፣ ከእግር ጀምሮ ወደ ላይ ነው።

የጡንቻ መድከም በማግሥቱ የሚሰማ፣ በሰፊው የተበተነ ሕመም ነው፤ በሁለት ወይም በሦስት ቀን ይለቃል። በክርን ውስጠኛ በኩል በአንድ ጣት ሊመለከቱት የሚቻል ሕመም ግን፣ ወይም ትንሿንና የቀለበት ጣትን የሚያደነዝዝ ሕመም፣ ከዚህ የተለየ ነው። በዚህ ጊዜ ጦሩን አስቀምጦ ወደ ሐኪም መሄድ ነው፤ በሚመጣው ቅዳሜ ውድድር ቢኖርም።